48 ሰዓትና ይሉኝታ

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። የተሰጣችሁ ጊዜ አልቆ ሥራችሁ ገና ጎደሎ ቢሆን የወደቀው ማን ነው? ሥራው ነው ወይስ እናንተ? መልሱ ቀላል ይመስላል። ጭንቀት ሲይዘን ግን ሁለቱን መለየት ያቅተናል።

ይህን በግልጽ የሚያሳይ አንድ የዘመናችን ነገር አለ፤ በአጭር ጊዜ የኮምፒውተር ጨዋታ የመሥራት ውድድር። «ሉዱም ዳሬ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ2002 ተጀመረ። «ግሎባል ጌም ጃም» ደግሞ በ2009 ሲጀመር በ23 አገሮች ከ1,600 በላይ ሰዎች ተካፍለውበታል። አካሄዱ ቀላል ነው፤ መነሻ ርእስ ይነገራል፣ ሰዓት መቁጠር ይጀመራል፣ ብዙውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ የሚሠራ ጨዋታ ይረከባል። የሚገርመው «ግሎባል ጌም ጃም» በዓለም ደረጃ አሸናፊ አይመርጥም፤ ሽልማትም የለውም። ሆኖም እዚያም ቢሆን ጀማሪ ይጨነቃል። ታዲያ የሚያስጨንቀው ሽልማቱ ካልሆነ ምንድን ነው?

እኔ ይሉኝታ ነው እላለሁ። ሰቆጣ ተቀምጣችሁ እንዲህ ባለ ውድድር በኢንተርኔት ብትመዘገቡ ሰዓቱ ያስቸኩላችኋል፤ ነገር ግን እሑድ ማታ ሲያልቅ እርሱም አብሮ ያበቃል። «ሰው አይቶ ምን ይለኛል?» የሚለው ግን ከሰዓቱ በፊት ይጀምራል፣ ከሰዓቱ በኋላም ይቆያል። ይሉኝታ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሰው ጎረቤቱን እንዳይጎዳ የሚጠብቅ አጥር ነው። ከቦታው ሲወጣ ግን ሥራችንን የማንነታችን ፍርድ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ጀማሪው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ሰው እንዲደነቅ ከአቅሙ በላይ ያቅዳል፣ ወይ የሠራውን ይደብቃል።

ጌታ ኢየሱስ ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው የተናገረውን አስታውሱ። ሰውየው መሳቂያ የሆነው ግንቡ ትንሽ ስለነበረ አይደለም፤ ወጪውን ሳያሰላ ጀምሮ መጨረስ ስላቃተው ነው። በዋግ ኽምራም ይህን እናውቀዋለን። እርከን የሚሠራው በበጋ ነው፤ ክረምቱ ቀጠሮ አያራዝምም። በሚገባ የተካበ አሥር ክንድ እርከን አፈሩን ይይዛል። ተራራው በሙሉ ተቆፍሮ ድንጋዩ ሳይካብ ዝናብ ቢመጣ ግን ከበፊቱ የባሰ ይታጠባል።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ውድድራችሁ አንድ እርከን ብቻ ምረጡ። ለምሳሌ በኽምጥኛ አምስት የእንስሳት ስሞችን ከሥዕላቸው ጋር የሚያዛምድ ጨዋታ ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ሥዕሉ ባያምርም ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚሠራ ነገር ይኑራችሁ፤ ማሳመሩ በሁለተኛው ቀን ይደርሳል። «ስክራች»ን ወይም «ጎዶት»ን የመሳሰሉ ነጻ መሥሪያዎች አስቀድማችሁ አውርዱ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉና። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪ ሙሉ፣ ሥራችሁንም በየሰዓቱ በፍላሽ ገልብጡ። ሥራውንም ተካፈሉት፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

«ትንሽ ሥሩ ማለት ስንፍናን በመልካም ስም መጥራት አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለእግዚአብሔር ክብር የምንሠራ ሰዎች ምርጣችንን መስጠት አለብን። ነገር ግን ምርጥ የሚለካው በተሰጠን ጊዜና ኃይል ነው። ፊንላንዳዊው አርቪ ቴይካሪ «ባባ ኢዝ ዩ» የተባለውን ጨዋታ መጀመሪያ የሠራው እ.ኤ.አ. በ2017 በ«ኖርዲክ ጌም ጃም» ላይ ነበር፤ አሸነፈበትም። ሙሉው ጨዋታ ለገበያ የቀረበው ግን በ2019 ነው። በሁለት ቀን የሁለት ዓመት ሥራ ከራሱ አልጠየቀም።

ሌሊቱን ሁሉ ሳይተኙ ማደርም የትጋት ምልክት አይደለም። ኤልያስ ደክሞት ከክትክታው ዛፍ በታች ሞትን ሲለምን መጀመሪያ ያገኘው ተግሣጽ አልነበረም፤ እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውኃ ነበር። ብዙዎቹ ውድድሮች እሑድን ስለሚይዙ ደግሞ የአምልኮውን ሰዓት ከቡድናችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። በጭንቀት መካከል የሚወሰን ውሳኔ ብዙ ጊዜ ለሰዓቱ ያደላል።

ጊዜው ሲያልቅ የደረሳችሁበትን አስረክቡ። ከጎኑም በእውነት ጻፉ፤ «ይህ ይሠራል፤ ይህ ገና ነው፤ ይህን ሥዕል የሠራው ሌላ ሰው ነው»። እንዲህ የሚጽፍ ሰው የሚደብቀው ስለሌለው ይሉኝታ ብዙ አያስጨንቀውም። ሥራው ሲተች ይሰማል፣ ያርማል፤ በእግዚአብሔር ፊት ያለው ዋጋ ግን ከውድድሩ በፊት የተሰጠው ስለሆነ በዳኞች ነጥብ አይጨምርም፣ አይቀንስምም።

በኅብረታችሁ ተወያዩበት፦ ሰው ምን ይለኛል ብላችሁ እስከ ዛሬ ለማንም ያላሳያችሁት ሥራ አለ? በዚህ ሳምንት ለማን ልታሳዩት ትችላላችሁ?