የፈታ ይጠብቅ

ለመሆኑ አጥር ውስጥ የተፈታ ውሻ ነፃ ነው ወይ? አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1979 ኦሎኒ የተባለ፣ ውሾች ያለ ገመድ የሚሮጡበት የታጠረ ሜዳ ተከፈተ። «አጥር ካለ ምኑን ነፃነት ሆነ!» የምንል አንጠፋም። ይሁንና አጥሩ የሚያድነው ከመኪና ነው፤ ውሻን ከውሻ አያድንም። ገመድ እስካለ ድረስ ጉልበተኛውን የሚይዘው ገመዱ ነው፤ ሲፈታ ግን ኃላፊነቱ በጌትየው ላይ ይወድቃል። ትንሿ ውሻ ጥግ ይዛ እየተንቀጠቀጠች «ተዋቸው፣ እየተጫወቱ እኮ ነው» ብሎ ወሬውን የሚቀጥል ጌታ፣ ነፃነቱን ለአንዱ ብቻ ሰጠ ማለት ነው። እንግዲህ የሜዳው ነፃነት የሚለካው ትንሿም መሮጥ ስትችል ነው ባዮች ነን። ውሻውን የፈታ ሰው ዓይኑን አይንቀል።