የቁጥር ጠባይና የሰው ዕጣ

2017 ዓ.ም. ሲብት ዓመተ ዓለሙ 7517 ሆነ። 5500 ዘመነ ፍዳ፣ 2017 ዘመነ ምሕረት፣ ድምሩ ይኸው ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይህን ቁጥር በተለይ ለቀሪው ይፈልጉታል። ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ዘመኑ የማቴዎስ ነው። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ትተው 11ን ወንበር ይሉታል። ከወንበሩ አበቅቴ 1ና መጥቅዕ 29 ይወጣሉ፤ ከዚያ ነነዌ የካቲት 3፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ።

የሒሳብ ሰው ደግሞ ያንኑ ቁጥር በሌላ ዓይን ያየዋል። 7517 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። 87 በራሱ ሲባዛ ከ7517 ስለሚበልጥ፣ እስከ 83 ያሉትን 23 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል። በእርሳስ ሞከርኳቸው፤ አንዱም አልሆነለት።

ታዲያ ዓመቱ ብቸኛ ነበር እንበል? በቁስጥንጥንያዎች ቀመር ያው ዓመት 7533 ነው፤ 3 አምስት ጊዜ ተባዝቶ እንደገና በ31 ሲባዛ ማለት ነው። መካነ ሰላም ላይ ከአንድ ረከቦት ቡና የሚጠጡ ሁለት ጎረቤታሞችን አስቡ። መስከረም ሲጠባ ለአንዱ 7517፣ ለሌላው 1446 ዓመተ ሒጅራ ነበር፤ ይኸኛው ለ2ም፣ ለ3ም፣ ለ241ም ይካፈላል። የቦረና ዝናብ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። እንግዲህ ብቸኝነቱ የቁጥሩ እንጂ የዓመቱ አይደለም። 7517 የማይከፋፈለው ማንም ስለፈቀደ አይደለም፤ ቁጥሩን ለዓመቱ የሰጠነው ግን እኛ ነን። መልካም ስምምነት ነው፤ ከሳይንት ተድባበ ማርያም እስከ አዲስ አበባ ጾሙ በአንድ ቀን ይፈታል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልጻፍኩም ነበር። በአገራችን የሰው ስምም ይደመራል። የልጁና የልጅቷ ስም ከነእናቶቻቸው ስም በፊደል ቁጥር ተደምሮ በ12 ይገደፋል፤ ቀሪው ኮከብ ይባላል። ከዘመዶቼ የአንዷ ጋብቻ በዚህ ፈርሷል። አንዱ ቀሪ እሳት፣ ሌላው ውሃ ሆነና አይገጥምም ተባለ። አክስቴን ብሞግታቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ሒሳቡ እኮ ሁለት ጊዜ ተሠርቷል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ማካፈሉ ላይ ስሕተት የለም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። የማካፈሉ ትክክለኛነት ሳይታወቅ ወደ ፍርዱ ይሻገራል። ማካፈሉን የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ያርመዋል፤ ቀሪ 1 ከቀሪ 4 ጋር ትዳር አይሆነውም የሚለውን ግን በምን እናርመዋለን? (ከተሜው አይሳቅ፤ በግማሽ ነጥብ የወደቀ ልጅ ፊትም «ድምሩ ትክክል ነው» ሲባል እንሰማለን።)

ፋሲካም በስምምነት ነው የሚወጣው፣ ያንን ተቀብለህ ይህን ለምን ትነቅፋለህ የሚለኝ ይኖራል። በቀመሩ የተስማማው ሁሉ አብሮ ይጾማል፣ አብሮ ይፈታል፤ በስሌቱ ብቻውን የሚቀጣ የለም። ልጅቷን ግን የጠየቃት የለም። የምትወደውን አጥታ የሰው መዳር የምታየው እሷ ናት።

በፊደል ተራ ሠ አምስተኛ፣ ሰ ሰባተኛ ነው። ቁጥሩ ተራውን ከተከተለ አንድ ፊደል ሲለወጥ ቀሪውም፣ ኮከቡም ይለወጣል። አክስቴን፣ «ስሟ የተደመረው በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ?» አልኳቸው።

«ይኸንንስ ደብተራው ነው የሚያውቀው» አሉ።