ተከለ፤ ከሸጎሌ የተነሣ አንድምታ

ሸጎሌ የከብት ገበያ ማለዳ ላይ ከበጉና ከበሬው ጩኸት መሐል ካስማ በድንጋይ ሲመታ ይሰማል። ነጋዴው ካስማውን ይተክላል፣ በጎቹን ያስራል፣ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ገዢ ላይ ይተክላል። አስፋልቱ ዳር ችግኝ ሻጭ ጽድና ግራቪሊያ በጥቁር ላስቲክ ደርድራ ተቀምጣለች። በሰሜን በኩል ኮረብታው ላይ የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ። ማታ ለቅሶ ከተሰማ ደግሞ ዕድርተኛው ተጠራርቶ ድንኳን ይተክላል። ለዚህ ሁሉ ሥራ የተመደበው ግስ አንድ ነው፦ ተከለ።

ይኸው ግስ ቤተ ክርስቲያንም ይተክላል። ኦርቶዶክሱ «ደብር ተከለ» ይላል። ወንጌላውያን አማኞች ዘንድ «የቤተ ክርስቲያን ተከላ» ራሱን የቻለ አገልግሎት ነው፤ በጀት አለው፣ ሪፖርት አለው፣ ሥልጠና አለው። ሁለቱ ወገኖች በብዙ ነገር አይስማሙም፤ በግሱ ግን ተስማምተዋል። የጎንደር የትርጓሜ መምህር ይህን አንድ ቃል ቢያገኝ ዝም ብሎ አያልፈውም ነበር። ንባቡን ያነባል፣ ነጠላውን ይፈታል፣ ከዚያ «አንድም» እያለ ይቀጥላል፤ የኋለኛው ትርጓሜም የፊተኛውን አይሽረውም። እስቲ በእርሱ መንገድ እንሂድ።

ተከለ፤ ተከለ አለ። ምን ቢሉ፣ ችግኝ። ሐተታ፦ ችግኝ በላስቲክ ውስጥ ይፈላል፣ ጥላ ይደረግለታል፣ ጠዋት ማታ ውሃ ይጠጣል። ክረምት ሲገባ ጉድጓድ ይማስለታል። አላዋቂ ሰው ከነላስቲኩ ይቀብረዋል፤ ለአንድ ዓመት ያማረ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ላስቲኩ ውስጥ እየተጠማዘዘ ራሱን ያንቃል። አዋቂው ላስቲኩን በምላጭ ይቀደዋል፤ አፈሩን ሳያፈርስ ሥሩን ከአገሩ አፈር ጋር ያገናኘዋል። ይህን እንያዘው፤ ወደ ፊት ይፈለጋል።

አንድም ተከለ ማለት ታቦት አስገባ፣ ደብር ቆረቆረ ማለት ነው። ታሪክ፦ በአራተኛው መቶ ዓመት የጢሮስ ሰው ፍሬምናጦስ አክሱም ደረሰ። እስክንድርያ ወርዶ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ ተመለሰ፣ ከሣቴ ብርሃንም ተባለ። ቆይተው ተስዓቱ ቅዱሳን መጡ፤ አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞን፣ አባ አፍጼ ይሓን፣ አባ ገሪማ ዓድዋ አጠገብ መደራን ያዙ። ኢትዮጵያ እንግዲህ መጀመሪያ የተተከለባት አገር ናት፤ ተካዮቹም የውጭ ሰዎች ናቸው። ምነው ይህ ተክል አልደረቀም ቢሉ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ወደ ግእዝ ስለ ተመለሰ ነው፤ ትውፊቱም ለዚህ ሥራ ተስዓቱ ቅዱሳንን ያመሰግናል። በቋንቋ በኩል ላስቲኩ ቶሎ ተቀደደ።

በክህነቱ በኩል ግን ሳይቀደድ ኖረ። ጳጳሱ ከእስክንድርያ ሲላክ 1600 ዓመት ያህል አለፈ። አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ የሆኑት በ1951 ዓ.ም. ነው። ሚሲዮናዊ ሁሉ ሥልጣን ለአገሬው ሰው አልለቅም ብሎ የሚወቀስበትን ነገር፣ ከሁሉ አስቀድማ የቀመሰችው ይህችው ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ናት።

አንድም ተከለ ማለት ሆስፒታል ተከለ ማለት ነው። ይህ ትርጓሜ ከሸጎሌ ሩቅ አይደለም፤ ጉለሌ ውስጥ ሰፈርተኛው «ፓስተር» የሚለው ግቢ ነው። ዶክተር ቶማስ ላምቢ የተባለ አሜሪካዊ የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናዊ ሱዳን ሲያገለግል ቆይቶ በኅዳር በሽታ ማግሥት በምዕራብ በኩል ደምቢ ዶሎ ገባ። አዲስ አበባ ሲደርስ ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር ተዋወቀ፤ በ1915 ዓ.ም. አካባቢም ጉለሌ ላይ ሆስፒታል ሠራ። ገንዘቡ የመጣው ከኦሃዮ፣ ጆርጅ ከሚባል የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ባለቤት ነው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች እዚያው አፍንጫቸው ሥር ሌላ ሸክላ ሠሪ ሆስፒታል ማሠራቱን ሰምተው ይሆን? ግቢው ኋላ የፓስተር ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ሚሲዮኑ ሄደ፤ ላብራቶሪው ቀረ።

ላምቢ ግን ከተማ አልበቃውም። በ1920 ዓ.ም. አካባቢ ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ከሚባለው ድርጅት ጋር ተቀላቅሎ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ጓደኞቹ ሶዶና ሆሳዕና ላይ ጣቢያ ከፈቱ። ለሚሲዮኑ መሬት በስሙ ለመያዝ ብሎ የአሜሪካ ዜግነቱን ጥሎ ኢትዮጵያዊ ሆነ። ለመትከል ራሱን ነቀለ ማለት ነው። ጣሊያን ሲገባ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ጸሐፊ የነበረው ይህ ሰው ለወራሪው አደረ፤ በዚህም የብዙ ኢትዮጵያዊን ልብ አቆሰለ፣ እርሱም አገር አልባ ሆኖ ወጣ። የሞተው እ.ኤ.አ. በ1954 ኢየሩሳሌም ውስጥ ነው።

የወላይታው ነገር ከዚህ ይበልጣል። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ፣ ከዘጠኝ ዓመት ድካም በኋላ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 50 አይሞሉም ነበር። መኪናዎቹ ከሶዶ ሲወጡ ሰው ሁሉ ያሰበው ሥራው አለቀ ብሎ ነው። ሰባኪው ዋንዳሮ ታሰረ፣ ተገረፈ፤ የጸሎት ቤቶች ፈረሱ። ሚሲዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን በራሳቸው ቆጠራ 10 ሺህ ያህል አማኝ ጠበቃቸው። ገንዘብ የሚልክ፣ ሰባኪ የሚቀጥር፣ ከላይ ሆኖ የሚያዝ ፈረንጅ ባልነበረበት ዘመን በዛ። ላስቲኩን የቀደደው ምላጭ ጦርነት ነበር፤ ማንም አቅዶ አላደረገውም። ከዚያ ወዲያ የወላይታ ወንጌላውያን በእግራቸው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ ወጡ። ያ ሁሉ ሰው ቋንቋውን ከማያውቀው ሕዝብ መሐል የሄደ ሚሲዮናዊ ነው፤ ነገር ግን ጫማ ስላልነበረው ማንም «ሚሲዮናዊ» አላለውም።

አንድም ተከለ ማለት ችካል ተከለ፣ ወሰን አበጀ ማለት ነው። ይህም በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ ነው። አገሩን ለሁለት ከፈለው፤ አንዱን የቤተ ክርስቲያን ክልል፣ ሌላውን ክፍት ቦታ አለው። ሚሲዮን በቤተ ክርስቲያን ክልል ማስተማርና ማከም ይችል ነበር፤ ሃይማኖቱን መስበክ ግን አይችልም ነበር። አዲስ አበባ ክፍት ተባለች። ማስተማሪያው አማርኛ እንዲሆንም ታዘዘ። ችካሉ ላይ ላዩን ሲያዩት ጠብ ያስቀራል፤ ጠለቅ ብለው ሲያዩት ግን እስከ ዛሬ ለቀረው የሃይማኖት ካርታ ትልቅ ድርሻ አለው።

አንድም ተከለ ማለት ቃሉን በሰው አፍ ላይ ተከለ ማለት ነው። ከኢሉባቦር በባርነት የተፈነገለው ኦኔሲሞስ ነሲብ ምጽዋ ላይ በ1862 ዓ.ም. አካባቢ ነጻ ወጣ፣ ስዊድኖች ዘንድ ተማረ፣ ስዊድን ደርሶ ተመለሰ። ወደ አገሩ ለመግባት ደጋግሞ ሞክሮ መንገዱ ተዘጋበት። በተዘጋበት ዓመታት ምን ሠራ ቢሉ፣ እንደ እርሱ ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ኤርትራ ውስጥ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ነቀምቴ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ገበሬው ሳይደርስ ዘሩ ተዘጋጅቶ ነበር።

አንድም፣ ተከለ ማለት ባሕር ተሻግሮ ተከለ ማለት ነው። ይህን የሚያሳዩት አባ ላእከ ማንደፍሮ ናቸው። ስማቸውን ልብ ይሏል፤ ላእክ መልእክተኛ ነውና። ንጉሠ ነገሥቱ፣ የቀድሞው አልጋ ወራሽ ተፈሪ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካ፣ ኪንግስተን ሲወርዱ የተቀበላቸው ሕዝብ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው። አምላክ መጣልን የሚል ሰው ሞልቶበታል። በ1962 ዓ.ም. አባ ላእከ ለማስተማር ጃማይካ ገቡ። ባስልዮስ ፓትርያርክ ከሆኑ 11 ዓመት ነው፤ ለዘመናት ጳጳስ ስትቀበል የኖረች ቤተ ክርስቲያን አሁን ላኪ ሆነች።

እዚያ ያገኙት አፈር አስቸጋሪ ነበር። ዘር የሚለምን መሬት ነው፤ የሚለምነው ዘር ግን ሌላ ነው። ንጉሡን እንደ አምላክ የሚያዩት ራስተፈሪያን ኢትዮጵያን ይወዳሉ፣ በንጉሡ ስም ካልተጠመቅን የሚሉ ግን ነበሩ። አባ ላእከ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ካልሆነ አላጠምቅም አሉ። አንዳንዱ ተቆጥቶ ሄደ፤ ሌላው ቀረና ተጠመቀ። ቅዳሴው ቀደም ብሎ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ስለነበር ምእመኑ በሚሰማው ቋንቋ ለመጸለይ አልተቸገረም። እንዲህ ዓይነት ሥራ ከሁለት በኩል ያስወቅሳል፦ አዲስ አበባ «አለመጠን ላላ» ይላል፣ ኪንግስተን «አለመጠን ጠበቀ» ይላል። ከሁለቱም ወቀሳ የደረሰበት ተካይ ምናልባት ትክክለኛውን ጥልቀት ቆፍሯል።

አባ ላእከ በ1971 ዓ.ም. አቡነ ይስሐቅ ተብለው ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። ቦብ ማርሌ ጥቅምት 25 ቀን 1973 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ ከእርሳቸው እጅ ተጠመቀ፤ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። ግንቦት ላይ በዚያው ዓመት ኪንግስተን ውስጥ ፍትሐቱን ያደረሱለት እርሳቸው ናቸው። ብዙ ሰው ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚያውቀው ይህችን ብቻ ነው፤ ቅር ያሰኛል፣ ግን ዘፋኝ ሁልጊዜ ከጳጳስ ይበልጥ ይሰማል። ከ1984 ዓ.ም. በኋላ አቡነ ይስሐቅ ከአዲስ አበባው ሲኖዶስ ተለያዩ፤ ያ ቁስል ለብቻው ሌላ ትርጓሜ ይፈልጋል። በ1998 ዓ.ም. ኒው ጀርሲ ውስጥ ዐረፉ፤ የተቀበሩት ግን ኪንግስተን ነው።

የመጨረሻው «አንድም» ላይ ፊደል ተጨምሯል። ተከሉ የሚለው ንባብ «ተከለሉ» ይሆናል። ይህ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች በስደት የተሰበሰበው ኢትዮጵያዊ ነው። ኦርቶዶክሱም ወንጌላዊውም አዳራሽ ይከራያል፤ የባለቤቱ ጉባኤ ሲወጣ እርሱ ይገባል፤ ከበሮና መቋሚያ ወይም ኪቦርድና ድምፅ ማጉያ በመኪና ኋላ ይመላለሳል። ከዓመታት በኋላ የራሱን ሕንፃ ይገዛል። «ሚሲዮን ላይ ነን» ይላል፤ የጎረቤቱ ሰው ግን በሩን አልፎ አይገባም፣ ማስታወቂያው በአማርኛ ነውና። ይህን በነቀፋ ብቻ መፍታት አይገባም። መከለል ለችግኝ መጠለያ ነው፤ እናት በሰው አገር የምትጽናናበት ቤት መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ጥላው ግን ስንት ዓመት ይቆያል የሚለውን ጥያቄ ልጆቹ እያነሡት ነው።

መልሱን አንዳንድ አጥቢያ ውስጥ እሑድ ጠዋት ማየት ይቻላል። ቅዳሴው በግእዝ ይጀመራል። የንባቡ ሰዓት ሲደርስ እዚያው ተወልዶ ያደገ ወጣት ዲያቆን ወደ ፊት ይወጣል። በሥርዐቱ የእርሱ ድርሻ የጳውሎስ መልእክት ነው። በእንግሊዝኛ ያነበዋል፣ ፈጠን እያለ፣ እንደ ትምህርት ቤት ንባብ። ልጆቹ ስልካቸውን ዝቅ አድርገው ይሰማሉ። ነጠላ የለበሱት እናቶች ደግሞ መልእክቱ በአማርኛ እስኪደገም ቆመው ይጠብቃሉ።