ላብ ያልነካው ዳቦ

ዱቄት፣ ውኃና እርሾ ሲጨምሩበት ራሱ አቡክቶ፣ ራሱ ኩፍ አድርጎ የሚጋግር ማሽን አለ። የጃፓኑ ማትሱሺታ ኩባንያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ ሲሠራው፣ ኢኩኮ ታናካ የተባለች ባለሙያ ኦሳካ ከተማ ካለ የሆቴል ዳቦ ጋጋሪ ዘንድ ሄዳ የእጁን አቦካክ ተምራለች። ማሽኑም የሰው እጅ ተማሪ ነው ማለት ነው።

«ላብ ያልነካው ዳቦ ለሰንበቴ ይቀርባልን?» የሚሉ አሉ። እኛ ደግሞ እንጠይቅ፤ የማን ላብ? እዚህ ሮቢት ቡኮውን የሚያሹት፣ ድፎውን ከላይም ከታችም እሳት አድርገው በጭስ የሚጋግሩት እናቶቻችን ናቸው። ስለ ድካም በረከት አጥብቆ የሚናገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ አቡክቶ የማያውቅ ወንድ ነው። በሌላ ሰው ክንድ መስዋዕትነት አይከፈልም።

እርግጥ ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ከአንድ ኪሎ ብዙም የማይበልጥ ዳቦ ነው፤ ለቤተሰብ እንጂ ለሰንበቴ አይበቃም። መብራት ከጠፋም ይቆማል። ስለዚህ ቡኮው አሁንም ክንድ ይፈልጋል። በሚመጣው ተራ እኛ ወንዶቹ እጃችንን ታጥበን ብንቀርብ እናቶቻችን ምን ይሉን ይሆን?