ከሰቆጣ ገበያ ጨው የምንማረው መስጠትና መቀበል



በዋግ ኽምራ ደጋዎች መካከል የምትገኘው ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። በአፋር ምድር፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ከሚገኘው የጨው ሜዳ እየተጠረበ የሚመጣው አሞሌ በዚህች ከተማ በኩል ወደ መካከለኛው አገር ይዘልቅ ነበር። አሞሌ ለወጥ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ለመገበያያ ገንዘብነትም አገልግሏል። ጌታችንም በተራራው ስብከቱ ደቀ መዛሙርቱን በምድር ጨው መስሏቸዋል። እንግዲህ ይህ ጨው ከምን እንደ ተሠራ ጠጋ ብለን እንመልከት።

ጨው የሁለት ንጥረ ነገሮች ውሁድ ነው። አንደኛው ሶዲየም ነው፤ ውኃ ሲነካው በኃይል ስለሚቀጣጠል በዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚቀመጥ ብረት ነው። ሁለተኛው ክሎሪን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን የፈጀ መርዘኛ ጋዝ ነው። ለየብቻቸው ጠንቅ የሆኑት እነዚህ ሁለቱ ሲጣመሩ ግን በየማዕዳችን የማይታጣው ጨው ይሆናሉ።

ይህ እንዴት ይሆናል? የሶዲየም አተም 11 ኤሌክትሮኖች ሲኖሩት በመጨረሻው ምህዋሩ ላይ የሚገኘው አንድ ብቻ ነው። ክሎሪን 17 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ በመጨረሻው ምህዋሩ ላይ ያሉት 7 ስለ ሆኑ 8 ለመሙላት አንድ ይጎድለዋል። ሶዲየም ያንን አንዱን ይለቃል፤ ክሎሪንም ይቀበላል። ያን ጊዜ ሁለቱም በውጭኛው ምህዋራቸው 8 ኤሌክትሮኖች ይዘው ይረጋሉ። የሰጠው አዎንታዊ፣ የተቀበለው አሉታዊ ሙል ስለሚይዙ እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ። ይህን ዓይነቱን ትስስር ጀርመናዊው ሊቅ ቫልተር ኮሰል እ.ኤ.አ. በ1916 አብራርቶታል።

አተም ፈቃድ እንደሌለው እናውቃለን፤ ሶዲየም ስለ ሰጠ ጽድቅ አይቆጠርለትም። ይሁን እንጂ የፈጣሪን ሥራ የሚመረምር ሰው ራሱንም ይመረምርበታል።

በመጀመሪያ፣ የሰጠው ማንነቱን አላጣም። በኒውክለሱ ያሉት 11 ፕሮቶኖች እንዳሉ ናቸውና ሶዲየም ከሰጠም በኋላ ሶዲየም ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ተቀባይ ከሌለ ጨው የለም። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ የዋግ ሰው የእርዳታ እህል ለመቀበል ተሰልፏል። በቅርቡም በጦርነቱ ምክንያት ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች በሰቆጣ ተጠልለው ቆይተዋል። ትናንት ሲያበድር የኖረ ገበሬ ዛሬ እጁን ሲዘረጋ አንገቱን ይደፋል። እኛም ሰጪዎቹ ሳናውቀው ከፍ ብለን እናየዋለን። ጨው ግን ሁለታችንንም ይገሥጻል፤ ተቀባዩ ከሰጪው አያንስም፤ ሁለቱም በአንድነት የሚጸኑ ናቸውና።

በሦስተኛ ደረጃ፣ መስጠት ዋጋ ያስከፍላል። ከአንድ ሞል የሶዲየም አተሞች አንድ አንድ ኤሌክትሮን ለማላቀቅ ወደ 496 ኪሎ ጁል ጉልበት ያስፈልጋል። ክሎሪን ሲቀበል የሚወጣው ግን ወደ 349 ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ብቻ ቢታሰብ ሒሳቡ ይጎድላል። ጉድለቱን አትርፎ የሚሞላው ሰጪዎችና ተቀባዮች ተሳስበው በሥርዓት ሲሰበሰቡ የሚወጣው ጉልበት ነው። በጨው ውስጥ እያንዳንዱ በ6 ባልንጀሮች ተከብቦ ይቆማል። እንዲሁም ብቻውን የሚሰጥ ሰው ይደክማል፤ ማኅበር ግን ይሸከመዋል።

አበው «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ። በየቁምስናችን የምጽዋት ሣጥን ሲዞር ከሰጠን በኋላ ይህን እንጠይቅ፤ የተቀበለውን ወንድማችንን በስሙ እናውቀዋለንን? በማኅበራችንስ አጠገባችን አስቀምጠነዋልን? ይህን ያላደረግን እንደ ሆነ እህል ሰጠን እንጂ ገና ጨው አልሆንንም።

መስጠትንም መቀበልንም ያለ ኀፍረት እንድንማር እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።