መጠንቀቅ የእምነት ጉድለት ነውን?

በየቁምስናችን ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። አገር ፈርሶበት፥ ዘመድ ተበትኖበት፥ ከሞት ተርፎ ወደ ማኅበራችን የመጣ ሰው፥ እጃችንን ዘርግተን ስንቀበለው ወደ ኋላ ይላል። ምግቡን ይቀበላል፤ ታሪኩን ግን አይነግረንም። በቅዳሴ ጊዜ ከበሩ አጠገብ ይቆማል፤ ወደ ውስጥ ግን አይዘልቅም። እኛም ቅር እንሰኛለን፤ «በጎ ስናደርግለት ስለምን ይጠራጠረናል? እግዚአብሔርን የሚያምን ወንድሞቹንም ያምናል» እንላለን። ነገሩ በእውነት እንዲህ ነውን? ከጥፋት የተረፈ ሰው ጥንቃቄ በፍቅር ላይ የተፈጸመ በደል ነውን?

ቅዱስ መጽሐፍ ለዚህ ጥያቄ ግልጥ ምሳሌ ይሰጠናል፤ ይኸውም በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 40 እና 41 የተጻፈው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ587 ዓመት ገደማ ኢየሩሳሌም በባቢሎናውያን እጅ ወድቃ፥ ቤተ መቅደሱ ተቃጥሎ፥ ሕዝቡ ከተማረከ በኋላ፥ የቀሩት በምጽጳ ተሰበሰቡ። በእነርሱ ላይ የተሾመው የአኪቃም ልጅ ጎዶልያስ ቸር ሰው ነበረ፤ እንዳይፈሩ አጽናናቸው፤ ወይኑን፥ ዘይቱንና የበጋውን ፍሬ እንዲያከማቹም ነገራቸው። ወደ ሞዓብ፥ ወደ አሞንና ወደ ኤዶም ሸሽተው የነበሩት ይህን ሰምተው ተመለሱ፤ ያከማቹትም እጅግ በዛ። ምጽጳ እውነተኛ መጠጊያ መስላ ታየች።

የቃሬያ ልጅ ዮሐናን፥ የናታንያ ልጅ እስማኤል ሊገድለው እንዳሰበ ለጎዶልያስ አስጠነቀቀው፤ እርሱ ግን ሐሰት ነው ብሎ አላመነም። በሰባተኛው ወር እስማኤል ከዐሥር ሰዎች ጋር መጣ፤ በአንድ ማዕድ አብረው ከበሉ በኋላ ተነሥቶ ገደለው። ነገሩ ገና ሳይሰማ፥ ከሴኬም፥ ከሴሎና ከሰማርያ 80 ሰዎች ጢማቸውን ላጭተው፥ ልብሳቸውን ቀድደው፥ ቍርባንና ዕጣን ይዘው መጡ። እስማኤልም እያለቀሰ ሊቀበላቸው ወጣ፤ ወደ ጎዶልያስ እንዲመጡም ጋበዛቸው። ወደ ከተማይቱ መካከል በገቡ ጊዜ ሰባውን ገደላቸው፤ በሜዳ የተሸሸገ ስንዴና ገብስ፥ ዘይትና ማር እንዳላቸው የነገሩትን ዐሥሩን ብቻ ተወ።

እንግዲህ እንባም ግብዣም ብቻቸውን የፍቅር ምስክር እንደማይሆኑ ከዚህ እንረዳለን። ደግሞም ጎዶልያስ የጎደለው ቸርነት አልነበረም፤ የጎደለው ጥበቃ ነው። አሳልፎ የሰጠው የራሱን ሕይወት ብቻ ቢሆን ኖሮ የዋህነቱን ባመሰገንን ነበር፤ ነገር ግን በእርሱ ቃል ታምነው የተሰበሰቡት አብረውት ጠፉ። ሰው በራሱ ላይ የሚመጣውን አደጋ በትዕግሥት ሊቀበል ይችላል፤ በአደራ ስለ ተሰጡት ሰዎች ግን ማስጠንቀቂያን ችላ ሊል አይገባውም።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. በሩዋንዳ የዘር ፍጅት ሲጀመር ብዙ ቱትሲዎች ወደ አብያተ ክርስቲያናት ሸሹ። ቀደም ባሉት ዓመታት በደረሱት ግድያዎች በቤተ ክርስቲያን የተጠጉ ይተርፉ ስለ ነበር፥ ያመኑት ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚህ ጊዜ ግን በንያማታና በንታራማ የተጠጉት በዚያው በተጠጉበት ተገደሉ፤ በኒያንጌም ሕንፃው በቡልዶዘር በላያቸው ላይ እንዲፈርስ ተደረገ። የኒያንጌ ቁምስና ካህን በዚሁ ወንጀል በአሩሻ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተከሶ፥ በ2008 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። በዚያው ሚያዝያ ግን በጊሴኒ ከተማ ፌሊሲታስ ኒዪተጌካ የተባለች፥ በትውልድዋ ሁቱ የሆነች አገልጋይ፥ ሕይወትዋን እንድታድን ወንድምዋ ቢመክራትም እምቢ ብላ፥ ካስጠለለቻቸው ሰዎች ጋር ሞታለች። ሁለቱም በሮች በክርስቶስ ስም የተከፈቱ ነበሩ። በውጭ የቆመ ስደተኛ አንዱን ከሌላው በምን ይለይ ነበር?

እንግዲህ ከኒያንጌ የተረፈ ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ ቢያመነታ፥ እምነት ጎድሎታል ልንል አንችልም። የጎደለው ለእርሱ የተገባው ታማኝነት ነው። ስለዚህ የመታመን ሸክም በመጀመሪያ የሚወድቀው በሚመጣው ላይ ሳይሆን በሚቀበለው ማኅበር ላይ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ አባሎችዋ ኃጢአት፥ ካህናትና ገዳማውያንም ጭምር ስለ ፈጸሙት፥ የእግዚአብሔርን ይቅርታ መለመናቸው ይህን ሸክም መቀበል ነበር።

ማኅበር ራሱን ለመመርመር የሚያቀርበው እንዴት ነው? የሮማ መንግሥት በምዕራብ ከወደቀ በኋላ፥ ጣልያን በጦርነት በምትታመስበት በስድስተኛው ምእት ዓመት፥ ቅዱስ ቤነዲክቶስ ለመነኮሳቱ በጻፈው ሕግ መንገዱን አሳይቶናል። በምዕራፍ 53 እንግዳ ሁሉ እንደ ክርስቶስ እንዲቀበሉት ያዝዛል። በምዕራፍ 58 ግን አባል ሊሆን የሚመጣውን ሰው በችኮላ እንዳያስገቡት ይናገራል፤ ይልቁንም በአንድ ዓመት ውስጥ ሕጉ ሦስት ጊዜ በሙሉ ይነበብለታል፤ ሊጠብቀው ካልቻለም በነጻነት እንዲሄድ ይነገረዋል። በዚህ ሥርዓት ማኅበሩ እንግዳውን እንደሚመረምር፥ እንግዳውም ማኅበሩን ይመረምራል። የሚተዳደርበት ሕግ አልተሰወረበትም፤ የመውጫው በርም አልተዘጋበትም።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄም ወሰን አለው። ከእስማኤል እጅ ሕዝቡን ያስጣለው ያው ዮሐናን፥ ባቢሎናውያንን ፈርቶ፥ በምድሪቱ እንዲቀመጡ ነቢዩ ያመጣላቸውን የእግዚአብሔርን ቃል ሳይሰማ ወደ ግብፅ ሸሸ። ትናንት ሕይወትን ያዳነ ጥንቃቄ ዛሬ የልብ ጌታ ሲሆን ሰውን ዳግመኛ ስደተኛ ያደርገዋል። ነገር ግን ከዚህ ፍርሃት ሰውን በተግሣጽ ማውጣት አይቻልም። ጌታችን ቅዱስ ቶማስን ከደቀ መዛሙርቱ መካከል አላስወጣውም፤ እጆቹንና ጎኑን አሳየው እንጂ። ቍስሉን ያልደበቀ ጌታ የተጠራጠረውን ሰው ወደ እምነት አደረሰው።

ስለዚህ እኛም፥ በተለይ ትምህርተ ክርስቶስ የምናስተምር ሁሉ፥ ተፈናቅሎ ወደ ቁምስናችን የሚመጣውን ሰው ታሪኩን ተናገር ብለን አናስጨንቀው። ዕርዳታውን በምስጋናው ልክ አንስፈርለት። የምንሰበስበው ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል፥ በደል ቢደርስበት ለማን አቤት እንደሚል አስቀድመን እንንገረው። ከመካከላችን ስለ አንዱ ማስጠንቀቂያ ሲመጣም እንደ ጎዶልያስ ሐሰት ነው ብለን አንመልሰው፤ በእውነትና በፍትሕ እንመርምረው። በበሩ አጠገብ የቆመውንም በትዕግሥት እንጠብቀው፤ ቅዱስ ቤነዲክቶስ ለአዲስ መጪ ዓመት ከሰጠ፥ እኛ ከሞት ለተረፈው ወንድማችን ከዚያ ያነሰ ልንሰጠው አይገባንምና።

የተበተኑትን የሚሰበስብ አምላክ፥ የተጠጉብን ሁሉ ሳይፈሩ የሚያድሩበት ቤት ያድርገን። አሜን።