በሁለቱ አርባዎች መካከል

እሑድ ጠዋት ቅዳሴው ወደ ፍጻሜው ሲደርስ መጋረጃው ተገልጦ ሥጋ ወደሙ ይወጣል። ሕፃናት በእናቶቻቸው ክንድ ሆነው ይቀርባሉ፤ አዛውንት ምርኩዛቸውን ይዘው ይከተላሉ። ከኋላ የቆመው ጎልማሳ ግን ነጠላውን አጣፍቶ ያያል። ወንድሜ ሆይ፣ ይህ ተግሣጽ ለአንተ ነው፤ ቢመርህም ስማኝ።

በተወለድህ በ40 ቀንህ፣ እኅትህም በ80 ቀኗ ተጠመቃችሁ። ሜሮን ተቀባችሁ፤ በዚያው ዕለት ቆረባችሁ። ያን ጊዜ ምን ሠርተህ ነበር? አልጾምህም፣ አልሰገድህም፣ አልመጸወትህም። ጸጋ ማለት ይህ ነው፤ አፍህን ሳትፈታ ልጅ ተባልህ። አንድ ቀን ደግሞ ትሞታለህ፤ ካህናቱ በ40ኛው ቀን ስለ ነፍስህ ይጸልያሉ። በሁለቱ አርባዎች መካከል ያለውን ዕድሜህን ግን ለማን ሰጠኸው?

«ስረጋጋ እቆርባለሁ» ትላለህ። ለተከበረ እንግዳ አተላ ታቀርባለህን? ለፈጣሪህ ግን የዕድሜህን አተላ አስቀምጠህለታል። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ትጾማለህ፤ በትንሣኤ ሌሊት ማዕዱን ለሌሎች ትተህ ወደ ዶሮ ወጥህ ትሮጣለህ። የንስሐ አባትህ ለበዓል ሲመጡ ጸበል ረጭተው፣ እህል ቀምሰው ይሄዳሉ፤ ኃጢአትህን ግን ነግረሃቸው አታውቅም። እናንተም አባቶች ሆይ፣ የልጃችሁን ቁስል ሳትጠይቁ ከቤቱ ስትወጡ ነገ በማን ፊት እንደምትጠየቁ አስቡ!

በ11ኛው ሰዓት ወደ ወይኑ ቦታ የገቡትን ሠራተኞች ለስንፍናህ ዋቢ አታድርጋቸው። እነርሱ እስከዚያ ሰዓት የቆሙት የሚቀጥራቸው አጥተው ነው። አንተ ግን በ40 ቀንህ ተቀጥረህ፣ እስከ ማታ በሌላ ሰው እርሻ ስትውል ኖርህ። በጌታ ቀኝ የተሰቀለውም ወንበዴ ባገኘው በዚያው ቀን ለመነው እንጂ ለነገ አልቀጠረውም።

«አልበቃሁም» ማለትህስ? ትሕትና ይመስላል፤ ሥሩ ግን ትዕቢት ነው። ሲሞን መሠርይ የእግዚአብሔርን ስጦታ በብር ሊገዛ ፈለገ፤ አንተ ደግሞ በሽበት ልትገዛው ታስባለህ። በእርጅና የደከመ ሥጋ ንጹሕ ሥጋ አይደለም። የሚያበቃህ ጸጋው ነው እንጂ ዕድሜህ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያንን ሲያሳድድ በጸጋ ተጠራ፤ ከዚያ በኋላ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ከሁሉ ይልቅ ደከመ፤ ድካሙንም ለጸጋው ሰጠ እንጂ ለራሱ አልቈጠረም። ጸጋ የገባበት ሰው እንዲህ ነው፤ ይነሣል፣ ይሠራል፣ ሲወድቅም ተመልሶ ይነሣል።

ሳትናዘዝ በድፍረት ቅረብ አላልሁህም፤ እርሱ ሌላ ጥፋት ነው። የምልህ ንስሐ ግባ ነው። የነጠቅኸውን መልስ፤ ከተጣላኸው ታረቅ፤ የደበቅኸውን ለንስሐ አባትህ ግለጥ፤ ቀኖናህን ተቀብለህ ፈጽም። እኔም በሚያልፍ ወጣትነቴ እያመካኘሁ ብዙ እሑድ ከኋላ ቆሜአለሁ፤ ያባከንሁትን አንዱን እሑድ እንኳ መመለስ አልቻልሁም።

መጋረጃው በሚመጣው እሑድ ይገለጣል። አንተ ግን እስከዚያ ለመቆየትህ ዋስ የለህም። ዛሬውኑ ተመለስ።